የቲም የሚለው ስም ሲወድቅ
(ለለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)





ዛሬ ልናወያያችሁ የመጣነው ስለ 11ኛና 12ኛ ክፍል የፊዚክስ ትምህርት ነው። «ይህ ከየቲም ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እንደምታውቁት በሸሪዓ አንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ የቲም መባሉ ያበቃል። እኛም ይህንኑ ተከትለን፣ ልጁ «አድጓል» በማለት ድጋፉን የምናቋርጥበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ጊዜ ትምህርቱ እጅግ ከሚከብድበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ስሙ ወደቀ እንጂ አባቱ አልተመለሰም፤ ችግሩም አልተቃለለም።

11ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን ይመርጣል። ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆን የሚሻ ከፊዚክስ ማምለጥ አይችልም። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ቁጥር ውስጥ አስጠኚ የተቀጠረላቸው ልጆችም አሉበት። ማንም የሌለው ልጅ እንዴት ይሁን?

ከምንረዳቸው ልጆች አንዱ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በእንግሊዝኛ አንድም ቃል ሳይስት ወጣልን። «በእኩል ጉልበት ብትገፋቸው ባዶው ጋሪ ፈጥኖ ሲነሳ የተጫነው ለምን ያዘግማል?» ብለን ስንጠይቀው ግን ዝም አለ። «የሸመደድከው ሕግ ይኸው ነው» ስንለው ፊቱ በራ። ጉድለቱ ከአእምሮው አልነበረም። ቋንቋው ከብዶታል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተንጠባጠበ ሒሳብ አለበት፤ ከሁሉም በላይ የሚጠይቀው ሰው የለውም። እኛ ደግሞ ደብተርና ቦርሳ ሰጥተነው ሄደን ነበር።

ወገኖቻችን ሆይ! ያለው እርዳታ ጥቂት አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር መማሪያ መጻሕፍት ከኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ፤ በአንድ ሚሞሪ ካርድ ተጭነው ቤት ሊገቡ ይችላሉ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው «ፌት» የተባሉ ምስለ ሙከራዎችም ክፍያ አይጠየቅባቸውም። አዲስ አበባ ላሉት አብርሆትን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት አለ። 50 ከመቶ ያልሞላላቸው፣ ግን የተወሰነውን ነጥብ ያገኙ ተማሪዎችም ከ2015 ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የማካካሻ (ሪሜዲያል) ትምህርት ሲከታተሉ ቆይተዋል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎቹ በዚያም ፊዚክስ ይማራሉ። የጎደለው ልጁን ከነዚህ ጋር የሚያገናኘው ሰው ነው።

ላቦራቶሪ የለም ብለንም ተስፋ አንቁረጥ። ባስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃን የደረሰበትን በሙከራ ያረጋግጥ ነበር። እናንተም ዛሬ ማታ ድንጋይ በገመድ እሰሩና አንጠልጥሉ። ገመዱ ከማሰሪያው እስከ ድንጋዩ መሐል 1 ሜትር ይሁን። ጥቂት ገፋ አድርጋችሁ ስትለቁት 10 ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ድንጋዩን በከባድ ብትለውጡትም ጊዜው አይለወጥም። ገመዱን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስታሳጥሩት ግን 10 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ርዝመቱ በአራት ሲከፈል ጊዜው ለምን በሁለት ብቻ ተከፈለ? ልጁ ይህን ጠይቆ መልሱን በመጽሐፉ ካገኘው ቀመሩን አይረሳውም።

ስለዚህ ከእናንተ የምንሻው ሦስት ነገር ነው። ለጋሾች ሆይ፣ ልጁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና እስኪፈተን ድረስ እጃችሁን አትሰብስቡ። የተማራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት አብራችሁት ተቀመጡ። እናቶች ሆይ፣ በተለይ የሴት ልጆቻችሁን የማታ ሥራ ቀለል አድርጉላቸው፤ ፊደል ባትቆጥሩም እንኳ «ዛሬ የተማርሽውን እስቲ አስረጂኝ» በሏቸው። ለእናቷ ማስረዳት የቻለች ልጅ ትምህርቷን በእርግጥ ይዛዋለች።

እኛም የጀመርነውን ልጅ ከመንገድ ላይ ላንተወው ቃል እንገባለን፣ ኢንሻአላህ። አላህ ሥራችንን ይቀበለን፤ ልጆቻችንንም በጠቃሚ ዕውቀት ያንጽልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።