ለሮቢት የቱ ይቅደም፤ ቱቦው ወይስ መጣጩ መኪና?

(በአዲስ አበባ የሚኖሩ የይፋት ተወላጆች በጠሩት ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ካደረገው ንግግር የተወሰደ)



ምሳ ሊቀርብ ሲል ስለ ሽንት ቤት የሚያወራ ሰው ነውረኛ መባሉ አይቀርም። ግን የተጠራነው «ለሸዋ ሮቢት እንደ አዲስ አበባ የፍሳሽ መስመር በውጭ እርዳታ ይዘርጋልን» የሚል ማመልከቻ ለመፈረም ነውና ነውሩን እንካፈለው። እኔ ከመፈረሜ በፊት ጥያቄ አለኝ።

ለመሆኑ የአዲስ አበባው እንዴት ሆነ? የቃሊቲ ማጣሪያ ኩሬዎች የደርግ ዘመን ሥራ ናቸው። በቀን የሚቀበሉት 7,600 ሜትር ኩብ ነበር። ያውም ያኔውኑ ሚሊዮን ነዋሪ ለተሻገረች ከተማ! ከዚያ በኋላ ከተማው እያበጠ ሄደ፣ ቃሊቲ ግን ባለበት ቆየ። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተሠራው፣ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራው አዲሱ ጣቢያ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2017ም ለአዲስ አበባና ለ22 ሌሎች ከተሞች የውሃና የፍሳሽ ሥራ 445 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል።

ይህን ሁሉ በደፈናው «እርዳታ» ማለት ለምዶብናል። ኧረ ቋንቋው ይታረም! ከባንኩ ገንዘብ ስጦታ የሆነ አለ፣ ብድር የሆነም አለ። ወለዱ ትንሽ፣ የመክፈያው ዘመን ረጅም ቢሆንም ብድር ያው ብድር ነው፤ የአገር ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ከከፋዮቹ አንዱ ማሾና ሽንኩርት አምርቶ ግብር የሚገብረው የቀወት ገበሬ ነው። ቃሊቲን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

አሁን ወደ ሮቢት እንምጣ። የፍሳሽ ቱቦ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ውሃና ቁልቁለት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ቱቦው ይደርቃል፣ ከዚያ ይደፈናል። ቁልቁለቱ ደግሞ ከጣርማበር ሲወርዱ ያበቃል፤ ሜዳው ላይ ሲደረስ ቆሻሻውን በፓምፕ መግፋት ይመጣል። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ቆሻሻው የሚመለሰው ወደ መጣበት ነው። በ2013 ዓ.ም. አጎራባቿ አጣዬ ተቃጠለች፣ በ2014 ዓ.ም. የሕወሓት ጦር ሮቢትን ያዘ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ሌላ ውጊያ መጣ። በዚህ መሐል ፓምፑን ማን ሊጠብቀው ነው?

ሌላው የማይነሳው ነገር እስር ቤቱ ነው። አገር ሮቢትን የሚያውቃት በሽንኩርቷ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የምርጫው ውዝግብ እስረኞች ተግዘውባታል። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ቂሊንጦ ሲቃጠል ከተረፉት ብዙዎቹ ተጭነው የተወሰዱት ወደዚያው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይወጣል። ጉድጓዱ ሲሞላ የት ይደፋል? የደሴ መንገድ ሆቴሎችስ? የከባድ መኪና ሾፌሮች አድረውባቸው የሚሄዱት ሆቴሎች? ማመልከቻው ስለ እነዚህ አንድ ቃል አልጻፈም። የከተማው ትልቁ ፍሳሽ የሚመጣው ግን ሰው ከተከማቸበት ነው።

ደግሞም ልብ በሉ፤ ሮቢ ወንዝ ቁልቁል ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። የአዲስ አበባን ጉድ የሚሸከመው አቃቂም የአዋሽ ገባር ነው። አፋሩ ወንድማችን ከብቱን ሊያጠጣ ወንዝ ሲወርድ የሁለታችንንም ሊቀበል ማለት ነው። ማጣሪያ ሳይሠራ ቱቦ መዘርጋት ቆሻሻን ከራስ ደጅ አንስቶ ጎረቤት ደጅ መድፋት ነው። ጎረቤት ብቻም አይደለም። በወንዝ ውሃ የሚለማ ቲማቲምና ሽንኩርት በጥሬው የሚበላ ነው፤ ተጭኖ መጥቶ እዚሁ አዲስ አበባ ሳህናችን ላይ ይቀመጣል።

ይህን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ራሷ ታማ ነበር። መንግሥት ኮሌራ የሚለውን ስም መጥራት አልወደደም፤ «አተት» አለው። ስሙ ምንም ይሁን ምን ሰውየው የሚታመመው ዓይነ ምድር ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? በእኔ ሐሳብ ለሮቢት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ነው፤ የራሷ የሆነ፣ መለዋወጫውና ሾፌሩ በጀት የተያዘለት። ቀጥሎ ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ያለ፣ ዝቃጩ ተዘርግቶ የሚደርቅበት ቦታ። ፀሐይ እንደሆነ ቆላው አልተቸገረም! የጉድጓዱን ግድግዳ መገንባትና ታቹን ማጥበቅ የባለቤቱ ሥራ ይሁን፤ ሆቴልና እስር ቤት ግን ያለ ሴፕቲክ ታንክ እንዳይሠሩ ይገደዱ። ይህ ከቱቦው እጅግ ይረክሳል፣ ቶሎም ይደርሳል። ፎቶ ግን አያምርም፤ ሪባን የሚቆርጥለት ባለሥልጣን አይገኝም። ሹሞቻችን ቱቦ የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል።

ቱቦው ለዘላለም ይቅር አላልኩም። ከተማው ሲጠጋጋ፣ ፎቅ ሲበዛ ግድ ይሆናል። ያኔም ቢሆን ማጣሪያው ይቅደም፣ ውሉ ስጦታም ይሁን ብድር በአማርኛ ተጽፎ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ስንት መጣ፣ ኮንትራቱን ማን ወሰደ፣ ስንት ሜትር ተቀበረ የሚለው ይታይ።

እንግዲህ ማመልከቻውን ወዲህ በሉት። «እንደ አዲስ አበባ» የምትለዋ ሐረግ ትሰረዝ፣ እስር ቤቱና ሆቴሎቹ በስም ይግቡ፣ መኪናው በአንደኛ ተራ ይጻፍ። ያኔ እፈርማለሁ።