ከመጀመሪያው የጁዶ ትምህርት በፊት
በረሖቮት ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬም ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት እናገራለሁ ብላችሁ የመጣችሁ ትኖራላችሁ። እሱንም እነካዋለሁ። ዋናው ጉዳይ ግን ከእናንተ የመጣ ጥያቄ ነው፦ «ልጁ ከማትናስ ወረቀት አምጥቶ ጁዶ አስመዝግቡኝ ይላል፤ ድብድብ አይደለም ወይ?»

ጁዶ ትግል ነው እንጂ ድብድብ አይደለም። ጡጫም እርግጫም የለበትም። ልጆቹ ልብስ ለልብስ ተያይዘው አንዱ ሌላውን ለመጣል፣ ከጣለውም በኋላ ምንጣፉ ላይ ይዞ ለማቆየት ይሞክራል። በጎንደር ገጠር ከብት እየጠበቃችሁ ሣር ላይ የታገላችሁ አባቶች ነገሩን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጂጎሮ ካኖ የተባለ ጃፓናዊ አስተማሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ጀመረው። እስራኤል በኦሎምፒክ ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳሊያም የመጣው ከጁዶ ነው፤ በ1992 በባርሴሎና ያኤል አራድ ብር አገኘች፣ በማግሥቱ ኦረን ስማጃ ነሐስ ጨመረ። በ2024 በፓሪስም ኢንባር ላኒርና ራዝ ሄርሽኮ የብር፣ ፒተር ፓልቺክ የነሐስ ሜዳሊያ ወስደዋል። የእኛን ልጅ ሁሉም ሰው ሯጭ ነው ብሎ ይገምተዋል። ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በማራቶን ብር ሲያገኝ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ግን ሩጫ የማይወድ ልጅም አለ፣ እሱም ቤት ተቀምጦ መቅረት የለበትም። ወደዚህ አገር ስንገባ የስኳር በሽታ የነበረበት ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ምን ያህል እንደ ጨመረ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። መቀመጥና ጣፋጭ መጠጥ ከምክንያቶቹ ዋናዎቹ ናቸው።

የጁዶና የአገር ቤቱ ትግል ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ነው። በእኛ ትግል የወደቀ ይሳቅበታል። በጁዶ ግን መጀመሪያ የሚማሩት መውደቅን ነው። አገጭን ወደ ደረት መሳብ፣ ጀርባን እንደ ኳስ ማጉበጥ፣ በክንድ ምንጣፉን መምታት። ይህ የሚደረገው ጭንቅላት መሬት እንዳይነካ ነው። በጃፓን ከ1983 ጀምሮ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ከ100 በላይ ልጆች በትምህርት ቤት ጁዶ ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ጀማሪዎች ነበሩ፣ የብዙዎቹም ጉዳት ጭንቅላት ላይ ነው። ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችሁን እንድትከለክሉ አይደለም። አሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መውደቅን ያስተምራል ወይስ ወዲያው ያታግላል? ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። አንገት ማነቅና ክንድ መጠምዘዝ ለትንንሽ ልጆች መማር አያስፈልግም፤ እሱንም ጠይቁ። ልጁም አንድ ነገር ከቤቱ ይወቅ፦ ሲያመው ምንጣፉን ወይም የጓደኛውን ገላ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፣ ያኔ ጓደኛው መልቀቅ አለበት። ይህ ሽንፈት ወይም ፈሪነት አይደለም ብሎ አባቱ ቢነግረው ከአሠልጣኙ ቃል ይበልጣል።

ከሽማግሌዎች የሰማሁት ሌላ ጥያቄ አለ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ጎንበስ ይላሉ። በአንዳንድ ቦታም የካኖ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «የልጅ ልጄ ለሰው ምስል ሊሰግድ ነው?» ትላላችሁ። ስግድን የሚያከብርና ለማን እንደሚሰግድ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ቢጠይቅ አይገርመኝም። የጃፓኖቹ ጎንበስ ማለት ሰላምታ ነው፤ እኛም ትልቅ ሰው ሲመጣ ከመቀመጫችን ተነሥተን፣ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣለን። እንደ እኔ ከሆነ ለጓደኛና ለአስተማሪ የሚሰጥ ሰላምታ ችግር የለበትም። ፎቶግራፉ ግን ለመንፈሳችሁ ካልተስማማ ቄሳችሁን ጠይቁ፣ ለአሠልጣኙም ከትምህርቱ በፊት ንገሩት። ልጁን ትምህርቱ መካከል በጓደኞቹ ፊት ጎትቶ ማውጣት ግን አይሁን። ውድድር በሻባት ይውል እንደሆነም ያን ጊዜ አብራችሁ ጠይቁ፤ ልጁ ከለመደ በኋላ መከልከል ይከብዳል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ስትመዘገቡ በዕብራይስጥ ሐጽሀራት ብሪኡት የሚባል የጤና መግለጫ ትፈርማላችሁ። በብዙ ቤት ዕብራይስጡን የሚያነበው ልጁ ራሱ ነው። እሱ ያነባል፣ እሱ ይሞላል፣ እናት ትፈርማለች። ልጁ እንዳይከለክሉት ሲፈራ አስም የሚለውን «የለም» ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ ይህን ወረቀት ልጁ አይሙላው። ከዘመድ አንብቦ የሚያስረዳችሁ ፈልጉ፤ በአንዳንድ የቁፓት ሖሊም ክሊኒክ አማርኛ የሚችል መጋሼር አለ። አስም ያለበት ልጅ ጁዶ መሥራት ይችላል፣ ግን የሚስበውን መድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ይዞ፣ አሠልጣኙም አውቆ ነው። ሲሮጥ ራሱን የሚስት፣ የልብ ችግር ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። በጉበት በሽታ ቢ ረገድ፣ እዚህ አገር ከ1992 ጀምሮ የተወለዱ ሕፃናት ክትባቱ ይሰጣቸዋል። ከኢትዮጵያ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ካላችሁ ካርዱን አሳዩ። የሚደማ ልጅ ማንም ይሁን ማን ደሙ እስኪቆምና ቁስሉ እስኪሸፈን ከምንጣፉ ይወርዳል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የእኛ ልጅ ብቻ ተለይቶ ከወረደ ዝም አትበሉ።

ለመጀመሪያው ቀን ነጩን ልብስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙ ቦታ ሱሪና ቲሸርት ለሙከራ ይበቃል። ዚፕና ቁልፍ የሌለው ይሁን፣ የጓደኛን ፊት ይቧጭራል። ሴት ልጅ በኋላ ነጩን ልብስ ስትለብስም ከውስጥ ቲሸርት ትለብሳለች። የአንገት ሐብል፣ የጆሮ ጌጥ፣ ቀለበት ቤት ይቅር። ሹሩባዋ ላይ ዶቃ ወይም ብረት ካለ ይውጣ፣ በላስቲክ ብቻ ይታሰር። የእጅና የእግር ጥፍር ከዋዜማው ይቆረጥ። ምንጣፉ ላይ በባዶ እግር ነው፤ እስከ ምንጣፉ ዳር ግን፣ በተለይ ሽንት ቤት ሲሄድ፣ ነጠላ ጫማ ያድርግ።

ጥፍርና እግር ላይ የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ገላ ለገላ በሚነካካ ስፖርት ጭርት በቀላሉ ይተላለፋል። ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ የቀላና የሚያሳክክ ነገር ካያችሁ ለሐኪም አሳዩ። ገላ ላይ ከሆነ ቅባት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ራስ ላይ ከወጣ ግን የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት አትሹበት፣ የልጅ ቆዳ ያቃጥላል። እስኪሻለው ከትግሉ ይረፍ።

ምግብ ከትምህርቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይብላ። ትንሽ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ጥሩ ነው። ጠግቦ ከሄደ ያስመልሰዋል፣ ባዶ ሆዱን ከሄደ ያዞረዋል። ኮላ ሳይሆን ውኃ ይያዝ። አንድ ቀን «ለውድድር ክብደት ቀንስ» የሚለው ሰው ቢመጣ እናንተ ሳታውቁና ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አይራብም።

ጭንቅላቱን ከተመታ በዚያ ቀን ወደ ምንጣፉ አይመለስም፣ «ደህና ነኝ» ቢልም። ሐኪም ሳያየውም ወደ ትግል አይመለስ። እያደር የሚብስ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ የቃል መደናገር ካያችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ውሰዱት ወይም 101 ደውሉ።

ስለ መነካካትም ልናገር፣ በቤታችን ስለማይወራ። ትግል ያለ መያያዝ አይሆንም፤ ልጁ ግን የትግል አያያዝና የማይገባ አያያዝ እንደሚለያዩ ከእናንተ አፍ ይስማ። «የማትወደው ነገር ከሆነ ማንም ይሁን ንገረኝ፣ አልቆጣህም» በሉት። ከ2001 ጀምሮ ባለው ሕግ ከልጆች ጋር የሚሠራ ወንድ ከፖሊስ ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ማትናሱን ወረቀቱ አለ ወይ፣ የአሠልጣኝነት የምስክር ወረቀትስ አለው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም። መጀመሪያ ቀን ዳር ቁጭ ብላችሁ እዩ። አያትም ቢመጣ ልጁ ደስ ይለዋል። ግን ከዳር ሆናችሁ «ጣለው! ጣለው!» አትበሉ፣ የአሠልጣኙን ድምፅ ይስማ።

ቤት ሲገባ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ። ልብሱ ቦርሳ ውስጥ አይደር፤ በየጊዜው ታጥቦ ሰገነት ላይ ፀሐይ ይምታው። ፎጣውን ወንድሙ እንዳይጠቀምበት ለየት ባለ ቦታ ስቀሉት።