ካንዴላው ላይ አትፍረዱ፤ የጣና አሮጌ ሞተሮችና እሳታቸው



ከእንጦጦ ወደ ጉለሌ የሚወርዱት ወንዞች ጀልባ አይሸከሙም። እዚህ ጉለሌ ሙያ የተማረ መካኒክ ግን ነገ ባሕር ዳር ወይም ዝዋይ ሊሠራ ይችላል። የጀልባ ሞተር ጉዳይም እስከዚህ ድረስ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ጣና ላይ ሰውና እህል ለዘመናት የተመላለሱት በደንገል ታንኳ ነው። ሞተር የተገጠመላቸው የዓሣ ጀልባዎች ከናይለን መረብ ጋር የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ታንኳ መቅዘፊያ ብቻ ይጠይቃል፤ ሞተር ደግሞ እሳት።

አሮጌው ቱ ስትሮክ ሞተር እሳቱን የሚያመነጨው ራሱ ነው። ገመዱ ሲጎተት ቮላኖው ላይ ያሉት ማግኔቶች በሽቦ ጥቅሎቹ አጠገብ ይሽከረከራሉ፤ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ኮይሉ ኃይሉን ከፍ አድርጎ ለካንዴላው ይሰጣል። ባትሪ ስለማያስፈልግ ገመዱን በዝግታ የጎተተ ሰው ደካማ እሳት ቢያገኝ አይገርምም።

ጣና ላይ ዘጌ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ጀልባ ቀጥ ሲል፣ የብዙዎች እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካንዴላው ነው። ርካሽ ነው፤ ለመፍታትም ይቀላል። መቅደም ያለባቸው ግን የማጥፊያው ቁልፍና ሽቦው ናቸው። በእነዚህ ሞተሮች ማጥፊያው የሚሠራው የእሳቱን መስመር ከሞተሩ ብረት ጋር በማገናኘት ስለሆነ፣ የተላጠ ሽቦ ብረት ከነካ ሞተሩን ያጠፋዋል። የማጥፊያው ሽቦ ለሙከራ ሲነቀል እሳቱ ከተመለሰ ኮይሉ ነፃ ነው።

ካንዴላውን ፈትቶ ከሞተሩ ብረት ጋር በማስነካት እሳት ማየት የተለመደ ነው። ነዳጅ ካለበት ራቅ ተብሎ ይሠራ፤ ውጤቱም በጥርጣሬ ይታይ። በክፍት አየር የዘለለ እሳት ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ በተጠቀጠቀ አየር መካከል ላይዘል ይችላል። የጉለሌው አየር ደግሞ ስስ ነውና ደካማውን እሳት ጠንካራ ያስመስለዋል።

ቮላኖው ሲነሳ የአሮጌው ሞተር ኮንታክት ፖይንት ይገኛል። ዘይት ወይም ዝገት ከሸፈነው፣ ክፍተቱም ከመመሪያው ከወጣ እሳቱ ይጠፋል። ፊቱ ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ኮንደንሰሩ ይጠርጠር። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚያቆራኘው ትንሹ ቁልፍ ብረትም ይታይ፤ እሱ ከተቆረጠ እሳት ይኖራል፣ ጊዜውን ግን ይስታል። ሲቀዘቅዝ ሠርቶ ሲሞቅ የሚከዳ ኮይል ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ጤነኛ ይመስላል። መመርመር ያለበት ሞተሩ በጠፋባት ቅጽበት፣ ገና ትኩስ ሳለ ነው።

አንዳንዴ እሳቱ ምንም አልሆነም። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለባሕር ወለል የተሠራ የካርቡሬተር ጂግለር እዚያ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ባለቤቱ አዲስ ካንዴላ ይገዛል፤ በሳምንቱ ያው ጥቁር። ጉለሌ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ችግሩ ይብሳል። እዚህ ተቀንሶ የተስተካከለ ጂግለር ጣና ሲደርስ ደግሞ ነዳጅ ያሳንስና ፒስተኑን ከመጠን በላይ ያሞቃል።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣና ላይ እምቦጭ የተባለው አረምም አለ። ኤሊካው ላይ ይጠመጠማል፤ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፤ ሞተሩ ግሎ ሲጠፋ የእሳት ችግር ይመስላል። ከሞተሩ ጎን የምትወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ መቋረጧን ያየ ሰው ግን አይሳሳትም።

ጉለሌ ላይ ሙከራ የሚደረግ ከሆነ የሞተሩ እግር በርሜል ውሃ ውስጥ ይግባ፤ በደረቁ ከተነሳ የውሃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። እሳቱ እዚህ ይጣራ፤ የካርቡሬተሩ የመጨረሻ ማስተካከያ ግን ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ላይ ይሠራ።