ጠበቃ አለኝ የምንለው መቼ ነው?

(ቤይሩት ውስጥ በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

 

ብዙዎቻችን "ጠበቃ ይዣለሁ" እንላለን። በምን ያዝሽው ስንባል ደግሞ "በዋትሳፕ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ አይዞሽ ብሎኛል" እንላለን። አይዞሽ ጥሩ ቃል ነው፤ ውክልና ግን አይደለም።

ጠበቃ ጉዳያችንን ሰማ ማለት ተቀበለ ማለት አይደለም። ጊዜ ላይኖረው ይችላል፤ ሥራው በሌላ ዓይነት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ወይም ቀድሞ የማዳም ወይም የኤጀንሲው ጠበቃ ነው። እንዲህ ከሆነ መቀበል የለበትም፤ አንድ ሰው በአንድ ክርክር ለሁለት ወገን አይቆምም። ስለዚህ ምስጢራችሁን ከመዘርዘራችሁ በፊት የማዳምን፣ የሚስተርንና የኤጀንሲውን ስም ተናገሩና "ያውቋቸዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አልይዝም ካለ ቅር አይበላችሁ፤ ሌላ ትፈልጋላችሁ። የሚጎዳን ዝምታው ነው። መብት የሚጠየቅበት ጊዜ ገደብ አለው፤ "ይዞልኛል" ብለን ስንጠብቅ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ላኩ፦ "ጉዳዬን ይይዙልኛል ወይስ አይይዙልኝም? ክስ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?" ቮይስ ብቻ አትላኩ።

እሺ ካለ ወደ ወረቀቱ እንሂድ። እዚህ ሊባኖስ ውክልናው "ወካላ" ይባላል፤ የሚፈረመው ካቲብ አድል ፊት ነው። መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፓስፖርታችሁ ማዳም ጋ ከሆነ ለጠበቃው በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ ስላደረገ፣ የሥራ ውላችን ለእኛ ትልቅ ማስረጃ ነው። ኮፒውም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ።

ወረቀቱ በአረብኛ ነው። አረብኛ መናገር ሌላ፣ ማንበብ ሌላ። ካላነበባችሁ አስተርጓሚ ሳይኖር አትፈርሙ። ሦስት ነገር አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፦ መታረቅ፣ ገንዘብ መቀበል፣ መብት መተው። እነዚህ ከተጻፉ ጠበቃው በእናንተ ስም ከማዳም ጋር ጨርሶ ብሩን ሊቀበል ይችላል። እንበል የ10 ወር ደመወዝ ቀርቶብሻል፤ እሱ በ2 ወር ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ጉዳይ ከሆነ ልዩ ወካላ ይበቃል፤ አጠቃላይ ወካላ ለምን እንዳስፈለገ ያስረዳችሁ።

የጠበቃው ክፍያ ለብቻው ይጻፍ፦ ስንት ነው? ከሚገኘው ገንዘብ ላይ በመቶኛ ነው ወይ? የአስተርጓሚውንስ ማን ይከፍላል? ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። አቅም ከሌላችሁ የቤይሩት ጠበቆች ማኅበር ለችግረኞች የሚሰጠው የሕግ ድጋፍ አለ፤ ማመልከት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ስለ መለያየት። ጠበቃችሁን ማሰናበት መብታችሁ ነው። ግን ተናዶ ስልኩን ብሎክ ማድረግ ማሰናበት አይደለም! ወካላው እንዳለ ይቆያል። ካቲብ አድል ፊት ይሻራል፤ መሻሩም ለጠበቃው እንዲደርሰው ይደረጋል። ክሱ ተጀምሮ ከሆነ ፍርድ ቤቱም ማወቅ አለበት። ለሠራው ሥራ የሚገባውን ክፈሉ፤ ሰነዳችሁን ቆጥራችሁ ተረከቡ።

እሱ ራሱ ልውጣ ካለም ማሳወቅ አለበት። በጽሑፍ ጠይቁት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀንም ተቀበሉ። እናንተም ስልክ ስትቀይሩ አሳውቁ፤ የጠፋች ደንበኛን ማንም ሊያማክር አይችልም።

በመጨረሻ፣ አገር ልትገቡ የምትሉ እህቶች፦ ትኬት ተቆረጠ ማለት ክሱ አለቀ ማለት አይደለም። በደንብ የተጻፈ ወካላ ካለ ጠበቃው እናንተ በሌላችሁበት ሊከራከር ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ገንዘቡ ለማን፣ በምን መንገድ እንደሚላክ አስጽፉ። የወካላውን ኮፒም አንድ ለራሳችሁ፣ አንድ ለምታምኗት እህት አስቀምጡ።

ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ቆዩ፣ አብረን እናየዋለን።