የነርቭ ስፌትና የሒሳቡ ቁጥር

እጁን ስለት የቆረጠው ሰው ቁስሉ ቢድንለት እንኳ፥ የተበጠሰው ነርቭ ካልተጠገነ ጣቱ ደንዝዞ ሊቀር ይችላል። የተሰፋውም ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ውጤቱ የሚታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የሒሳቡ ወረቀት ግን ይህን ያህል አይታገሥም። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ሒሳብ ነው።

በአሜሪካ አገር እያንዳንዱ የሕክምና ሥራ ለክፍያ የሚቀርበው በቁጥር ተመዝግቦ ነው። የቁጥሮቹን መዝገብ የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመ፤ ዛሬም በየዓመቱ እያሻሻለ ያወጣዋል። በዚሁ መዝገብ አንድ የጣት ነርቭ ሲሰፋ ቁጥሩ 64831 ነው፤ አብሮት ለሚሰፋው ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የጣት ነርቭ 64832 ይጨመራል። የነርቩ ጫፎች አልገናኝ ብለው ከሌላ የሰውነት ክፍል ነርቭ ተወስዶ በመዳፍ ወይም በጣት ላይ በአንድ ፈትል የተተከለ እንደ ሆነ፥ እስከ 4 ሳንቲሜትር ድረስ 64890፥ ከዚያ ሲበልጥ 64891 ይሆናል።

እንግዲህ ቁጥሩን የሚመርጠው ጸሐፊ ቀዶ ጥገናው ሲካሄድ በቦታው አልነበረም። ምስክሩ ሐኪሙ የጻፈው ማስታወሻ ብቻ ነው። ሐኪሙ «ነርቭ ተሰፋ» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፥ የትኛው ነርቭ፥ ስንት፥ ምን ያህል ርዝመት እንደ ሆነ አይታወቅም። ኢንሹራንሱም ክፍያውን ሊከለክል ይችላል፤ ማንኪያ መጨበጥ ያልቻለው በሽተኛ ከደብዳቤ ጋር ይታገላል። በሌላም በኩል የሚተከለውን ነርቭ ከሰውነት የማውጣቱ ሥራ በተከላው ቁጥር ውስጥ የተጠቃለለ ነው፤ ይህንኑ ለብቻው ማስከፈል ለአንድ ሥራ ሁለት ዋጋ መጠየቅ ይሆናል።

በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ሕሙማን የሕክምና መዝገባቸውን ቅጂ ለማግኘት በሕግ መብት አላቸው። ስለዚህ ከመክፈል አስቀድሞ ዝርዝር ሒሳቡንና የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ አስመጥቶ ማመሳከር፥ ልዩነት ቢገኝም በጽሑፍ ማመልከት ይገባል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ዘወትር ፋይል ለምናገላብጥ ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተኋላ ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው አለ።