ለቡችላ በቤት ውስጥ የሚሰጠው ነፃነት ልኩ ምን ያህል ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ምሽት የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ከሙያችን ወጣ ያለ፣ ግን ለመሐንዲስ ጆሮ ባዕድ ያልሆነ ንግግር በዚህ ምሽት እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ ጥንታውያን ድልድዮች መናገር ነበር። ነገር ግን ስለ ድልድይ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ቢያንስ አሥር ሰዎች በዚህ አዳራሽ ስላሉ፣ በዚህ ዓመት ከማናቸውም የግንባታ ሥራ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝን ጉዳይ ለማቅረብ ወሰንሁ። ጉዳዩም በቤቴ የሚያድግ አንድ ቡችላ ነው። ርእሱ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁትን አይቻለሁ፤ አልተቀየምሁም። ቢሆንም ከመካከላችን ውሻ ያላሳደገ ወይም ውሻ ባለበት ግቢ ያላደገ ሰው ጥቂት ይመስለኛል፤ ውሻውን እንዴት ማሳደግ እንደሚገባን ግን ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም።

በከተሞቻችን የቆየው ልማድ የታወቀ ነው። ቡችላው ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ተለምኖ ይመጣል፤ ጥቂት ሳምንት ልጆች ይጫወቱበታል፤ ከዚያም ጓሮ ካለ እንጨት ላይ በሰንሰለት ይታሰራል። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ተፈትቶ ግቢውን ይጠብቃል። ካልታሰረ አይከፋም፣ ካልከፋም አይጠብቅም ተብሎ ስለሚታመን ሰንሰለቱ እንደ ትምህርት ይቈጠራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ፣ በተለይ በአፓርታማና በኮንዶሚኒየም በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ፣ የዚህ ተቃራኒ የሆነ አያያዝ እየታየ ነው፤ ቡችላው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ከኩሽና እስከ መኝታ ቤት እንዳሻው ይመላለሳል። እኔ ሁለቱንም በገዛ ቤቴ አይቻለሁ፤ ለሁለቱም ዋጋ ተከፍሏል።

ያደግሁት ጉለሌ ነው። አንበሶ የሚባል ውሻ ነበረን። ወደ እኛ በመጣ በሁለተኛው ወር ታሰረ፤ የሰንሰለቱ ርዝመት ከሁለት ሜትር አይበልጥም ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ የምታቀርብለት እናቴ ስለነበረች እርሷን ይወድ ነበር፤ እኛን ልጆቹን ይታገሠን ነበር፤ ከዚያ በቀር ያለው የሰው ዘር ሁሉ ለእርሱ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ኮቴ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ማታ፣ ውሻው ከተፈታ በኋላ፣ የጎረቤታችን ልጅ ኳስ ሊያወጣ አጥር ዘሎ ገባ። አንበሶ ባቱን ነክሶ ያዘው። ልጁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ በተከታታይ ተወጋ፤ ውሻውም እንደ ደንቡ ለ10 ቀን ታስሮ ሲታይ ከረመና ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ከዚያ በኋላ በግቢያችን አልቆየም። ወዴት እንደተወሰደ አባቴ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ውሻ ሲያይ አሁንም መንገድ ይሻገራል።

አንበሶ ለምን እንዲህ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊዮት የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ቡችሎችን ከእናቶቻቸው ጋር በታጠረ ሜዳ ላይ ከሰው አርቀው አሳደጉ፤ ከዚያም በልዩ ልዩ ዕድሜ እያወጡ ከሰው ጋር አቀራረቧቸው። በሰባተኛው ሳምንት ግድም የወጡት በቀላሉ ሰው ለመዱ፤ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ የቆዩት ግን ሰውን እንደ አውሬ እየሸሹ ቀሩ። በባር ሃርበር ለብዙ ዓመታት የሠሩት ስኮትና ፉለርም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት መጽሐፍ፣ ውሻ ማኅበራዊ ኑሮን የሚማርበት ዋናው ዘመን ከሦስተኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ መሆኑን አስረድተዋል። አንበሶ እንደ እነዚያ ቡችሎች ፈጽሞ ከሰው አልተለየም፤ ነገር ግን ሰው ማለት ምን እንደሆነ በሚማርበት በዚያ አጭር ዘመን ከአንዲት እጅ በቀር አላየም። ስለዚህ ያጠፋው ውሻው ነው ለማለት አልደፍርም።

ይህ ትዝታ ስላለብኝ፣ ከስድስት ወር በፊት የስምንት ሳምንት ዕድሜ ያላትን ቡቺን ወደ ቤት ባመጣን ጊዜ፣ በቤቴ ሰንሰለት የሚባል ነገር እንዳይታይ አዘዝሁ። ልጆቹ ደስ አላቸው። ቡቺ ሳሎኑንም፣ ኮሪደሩንም፣ መኝታ ቤቱንም ወረሰች። በዘጠነኛው ቀን የፍሪጁን ገመድ ነከሰች። ገመዱ ያስተላልፍ የነበረው 220 ቮልት መሆኑን ለዚህ ጉባኤ መናገር አያስፈልገኝም። ባለቤቴ ድንጋጤ ሳያግዳት ሮጣ የቆጣሪውን ማጥፊያ አወረደች፤ እኔ መሐንዲሱ ግን ቡችላዋን በባዶ እጄ ልይዝ እጄን ዘርግቼ ነበር። (ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሥራ ደኅንነት በቤታችን የሚናገረው ማን እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።) ቡቺ አፏ ጥግ ላይ ተቃጠለች እንጂ አልሞተችም። የእንስሳት ሐኪሙ ግን በኤሌክትሪክ የተያዘ ውሻ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል ሌሊቱን አተነፋፈሷን እንድንከታተል ነገረን። እኔም ኩሽና ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ አደርሁ።

ያን ሌሊት ትንፋሿን እየቈጠርሁ ሳስብ፣ የአባቴና የእኔ ስሕተት አንድ ሆኖ ታየኝ። አባቴም እኔም ነፃነቷን የለካነው በእኛ ሐሳብ እንጂ ቡችላው በደረሰበት ደረጃ አልነበረም። አርማታ በተሞላ ማግሥት ፑንቴሎውን የሚነቅል ፎርማን ቢያጋጥመን ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቃለን። 28 ቀን ሞልቶት፣ የናሙናው ጥንካሬ ተፈትኖ ካለፈም በኋላ፣ ፑንቴሎውን እዚያው ትቶ ቤቱን የሚያስረክበንንስ? በቡችላም ጉዳይ ድጋፉ የሚነሣበት ጊዜ አለው፤ የሚነሣውም በፈተና ነው።

እንግዲህ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከግንባታ የተረፈ ጣውላና የዶሮ ሽቦ አምጥቼ በኩሽናው ጥግ 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 የሆነ አጥር ሠራሁ። ኩሽናውን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ በቀላሉ ይታጠባል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው የሚመላለስበት ስፍራ ነው። አጥር ከሰንሰለት የሚለየው በዚህ ይመስለኛል። ጓሮ የታሰረ ቡችላ ከኑሮው ተነጥሎ ይርቃል፤ በኩሽና ጥግ የታጠረ ቡችላ ግን ቡና ሲቆላ ያያል፣ እንግዳ ሲገባ ይሰማል፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይለምዳል፤ ገመድ ብቻ አይደርስበትም። ከአጥሩ ስትወጣ የወሰንነው ደንብ አንድ ነው፤ የአንድ ሰው ዐይን ከእርሷ ላይ አይነሣም። ዐይን የሚሰጥ ሰው ከሌለ ወደ አጥሯ ትመለሳለች። ይህ ቅጣት ስላልሆነ ስትመለስ የምታላምጠው አንድ ነገር ይሰጣታል።

ስለ ሽንት የሚነሣው ክርክር በቤታችን ብዙ ቀን ፈጅቷል። የሁለት ወር ቡችላ የሽንት ፊኛ ቀን ላይ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በላይ አይችልም፤ ስትነቃ፣ ስትበላና ስትጫወት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን ሳያውቁ «ባለጌ ነች» ማለት የውሃ ማጠራቀሚያ ከልኩ በላይ ሞልቶ ሲፈስ እንደ መቈጣት ነው። ስለዚህ ከእንቅልፍና ከምግብ በኋላ ወዲያው ወደ ግቢ እናወጣታለን፤ እዚያ ከሸናች በኋላ በኩሽናው ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል በነፃ ትሮጣለች፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ፊኛዋ ባዶ መሆኑ ተረጋግጧል። ካልሸናች ነፃነቱ አይሰጥም። በአገራችን የተለመደውን፣ አፍንጫዋን በሽንቷ ላይ ማሸትን፣ በፍጹም ከለከልሁ። ቡችላ ካለፈ በኋላ የመጣባትን ቅጣት ከጥፋቱ ጋር አታገናኘውም፤ የምትማረው ከእኛ መደበቅን ብቻ ነው፤ ውጤቱም ሽንቱ ከሶፋው ጀርባ መገኘቱ ነው።

ኩሽናው ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ጥፋት ሲታለፍ ኮሪደሩ ተከፈተ። ኮሪደሩ ሲታለፍ የልጆቹ ክፍል፣ ያውም ልጆቹ ባሉበት ብቻ። በአራተኛው ወር 28ቱ የወተት ጥርሶቿ መርገፍ ሲጀምሩና 42ቱ የጎልማሳ ጥርሶች ድዷን ሲያሳክኳት፣ ጫማ መብላት ስለ ጀመረች የልጆቹ ክፍል እንደገና ተዘጋ። ትልቋ ልጄ አዝና «አባዬ፣ የሰጠኸውን ለምን ትነሣለህ?» አለችኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። በሥራችን የጭነት ሙከራ ላይ ያለ ወለል ስንጥቅ ቢያሳይ ጭነቱን እንቀንሳለን እንጂ ወለሉን አንሰድብም ብዬ ብመልስላትም፣ የረካች አልመሰለኝም። ጫማዎቹ ግን ተነሥተው ቁም ሣጥን ገቡ፤ ይህም ከእኔ መልስ ይበልጥ የጠቀመ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ስለ ውጪው ዓለም መወሰን ነበር። ቡችላ ዓለምን የምትለምድበት ዘመን እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ግድም ይዘጋል። ተከታታይ ክትባቷ የሚያልቀው ግን በ16ኛው ሳምንት ግድም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የታወቀው የፓርቮ ቫይረስ ደግሞ ያልተከተበ ቡችላን በጥቂት ቀን ይገድላል፤ ብዙ ውሾች በሚመላለሱበት አፈር ላይም ለወራት ይቆያል። ክትባቱ እስኪያልቅ ብንጠብቅ አንበሶን እንደገና እናሳድጋለን፤ ባንጠብቅ ቡቺን ልንቀብር እንችላለን። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ እግሯ መሬት ሳይነካ ዓለምን ማሳየት ብቻ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ በጋቢ ጠቅልለን፣ አቅፈን፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በር እንወስዳት ነበር። ጃንጥላ የዘረጉ ካህን፣ ሸክም የተሸከመ ሰው፣ ሞተር ብስክሌት፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ፣ ሁሉን አየች። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትዋን በሦስት ወሯ ወሰደች፤ ይህን ያላስከተበ አባል ካለ ነገ ጠዋት እንዲያስከትብ እለምናለሁ፤ ሰው ላይ የሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የሚመጣው ከውሻ ነውና።

የሰፈራችን ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ቡቺን አቅፌ ሲያዩኝ «ልጄ፣ እንዲህ ሰው የለመደች ውሻ ሌባ ብትስም እንጂ አትነክስም» አሉኝ። ሥጋታቸውን አልናቅሁትም፤ ብዙ ቤተሰብ ውሻ የሚያሳድገው ለጥበቃ ነው። ነገር ግን ውሻ ቤቴ የምትለውን ስፍራ የምትጠብቀው ሁሉን ሰው ስለ ጠላች አይደለም፤ የለመደችውንና ያልለመደችውን ስለምትለይ ነው። ማንንም ያላወቀች ውሻ የጎረቤትን ልጅ ከሌባ በምን ትለያለች? ባለፈው ወር ቡቺ በእኩለ ሌሊት በአጥሩ ጥግ ለመጀመሪያ ጊዜ አምርራ ጮኸች። ዘበኛው በማግሥቱ ሲያገኙኝ «ሰማኋት» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ስለሆነና ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚጎዱ፣ ከገበታ የተረፈ ወጥ ለቡችላ እንዳይሰጥ ብቻ አሳስባለሁ። ቸኮላታና ዘቢብም እንዲሁ ናቸው። የአይጥ መርዝ ያስቀመጠ ሰውም ያስቀመጠበትን ያስታውስ።

ቡቺ አሁን የስምንት ወር ናት፤ በዚህ ዕድሜ የተማረችውን የረሳች እስኪመስል ድረስ ጆሮዋን ስለምትነፍገን፣ ባለፈው ሳምንት ኮሪደሩን መልሰን ዘግተናል። የኩሽናው አጥር በሩ ክፍት ሆኖ ይውላል፤ ሌሊት ሲሆን ማንም ሳያዛት ገብታ ትተኛበታለች። ሳሎኑ ገና አልተከፈተም። መቼ እንደሚከፈት ባለቤቴና እኔ እስካሁን አልተስማማንም፤ ከእናንተ መካከል በዚህ ላይ ልምድ ያለው ቢኖር ከእራት በኋላ ሊያካፍለኝ ቢፈቅድ ደስ ይለኛል።