ቁጥርን ወደ ድምፅ የምትመልስ ትንሽ ሳጥን

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ የመጣችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንዲሁም ከጎናችን ያልተለያችሁ ደጋፊዎቻችን፤

እኔን የምታውቁኝ በሒሳብ መዝገቡ ነው። የቁጠባ ደብተራችሁን የምፈርም፣ ደረሰኝ ጎደለ ብዬ የማስቸግራችሁ እኔ ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በቤቴ ስለሠራሁት ነገር ነው። ለምን እንደምነግራችሁ መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ካሴት ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች አጎቴ ቴፕ ይዞ መጥቶ፣ ወፍጮ ላይ ሆና ስታንጎራጉር ድምፅዋን ቀድቶት ነበር። ካረፈች በኋላ ከድምፅዋ የቀረን ይኸው ብቻ ነው። ካሴቱ ሲያረጅ ወንድሜ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠው። ደግ አደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ ክሩ ተበጠሰ። ቅጂውን ግን እኔ ቤት ባለው ያገለገለ ኮምፒውተር ስከፍተው ከእናቴ ይልቅ የሚሰማኝ ጩኸት ነበር። ማውሱን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ጥርርር ይላል። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሲያየው፣ «የተቀዳው ድምፅ ደህና ነው፤ የተበላሸው ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያወጣበት ክፍል ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ኮምፒውተር ድምፅ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። ልክ እኔ የየቀኑን ገቢና ወጪ እንደምመዘግበው ነው። እነዚያን ቁጥሮች አንድ በአንድ አንብቦ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም በድምፅ ማጉያ በኩል ወደ ጆሯችን የሚመልስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ባለሙያዎቹ ዳክ ይሉታል።

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋይንት የቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርበት አገር ነው። የዜማውን ምልክት በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይነገራል። ምልክቱ ብራና ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ተማሪው አይቶ ወደ ዜማ ሲመልሰው ነው ሕይወት የሚዘራው። ዳክም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የተጻፈውን ወደ ድምፅ ይመልሳል።

ሲዲን የኔዘርላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረቡት። ፊሊፕስን ከሬዲዮውም ከሸክላውም እናውቀዋለን፤ በሸክላ ዘመን በስሙ የታተሙ የአማርኛ ዘፈኖች ነበሩ። ይኸው ኩባንያ ለሲዲ ማጫወቻ የሚሆኑ የዳክ ቺፖችን ይሠራ ነበር። ቲዲኤ 1541 የሚባለው ታዋቂው ነው፤ 28 እግር አለው፣ ሦስት ዓይነት ቮልቴጅም ይፈልጋል። ታናሹ ቲዲኤ 1543 ግን 8 እግር ብቻ ያለው፣ በአንድ ቮልቴጅ የሚሠራ ርካሽ ቺፕ ነው። ዛሬ አይመረትም፤ ሆኖም በብዙ አሮጌ ማጫወቻ ሆድ ውስጥ ይገኛል።

እኔም ያገኘሁት እዚያ ነው። ዘመዶቻችን ጓዳ ውስጥ ሌንሱ የሞተ ሲዲ ማጫወቻ ተጥሎ ነበር። ከፍቼ ሳየው ቺፑ ቁጭ ብሏል። ማጫወቻው ሞተ ተብሎ ስንት ዓመት አቧራ ሲጠጣ፣ የሞተው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ቁጥሩን የሚቀበለውን ክፍል ተሠርቶ ያለቀ ገዛሁ። ካውያ፣ ቴስተርና የብየዳ እርሳስ ጠጋኙ አዋሰኝ፤ አያያዙንም አሳየኝ።

የመጀመሪያውን ቺፕ አቃጠልኩት። ቺፑ የሚችለው ከ3 እስከ 8 ቮልት ሆኖ ሳለ፣ በቴስተር ሳልለካ የ12 ቮልት አዳፕተር ሰካሁበት። ጭስ እንኳ አላየሁም፤ ዝም አለ፣ ቀረ። በደብተሬ ላይ «ኪሳራ፣ አንድ ቺፕ፣ ምክንያት፦ አለመለካት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ጠጋኙ ከሌላ የወዳደቀ ማጫወቻ አወጣልኝ። ከዚያ በኋላ ሳልለካ የሰካሁት ነገር የለም።

ቺፑ የሚያወጣው ደካማ ከረንት ስለሆነ ወደ ቮልቴጅ የሚለውጥ ሬዚስተር ይፈልጋል። በ1,000 ኦም ድምፁ አነሰ። በ2,200 ኦም ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ተሰነጣጠቀ። በ1,500 ኦም ተስማማኝ። በመውጫው ላይ ካፓሲተር አደረግሁ፤ ቋሚው ኤሌክትሪክ ወደ ጂፓሱ እንዳያልፍ ይከለክላል። አንድ ጉምጉምታ ግን አልጠፋ አለ። መጨረሻ ላይ አዳፕተሩን ነቅዬ ለቺፑ አራት የባትሪ ድንጋይ ሰጠሁት፤ አንዱ 1.5፣ አራቱ 6 ቮልት። ጉምጉምታው ጠፋ።

ያን ሌሊት የእናቴን ድምፅ ከፈትኩ። መጁ ወፍጮው ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። በእንጉርጉሮዋ መሐል ትንፋሽዋን ሰብሰብ ስታደርግ ይሰማል። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ብቻዬን አለቀስኩ።

ግን የሒሳብ ሰው ነኝና ደስታዬንም መርምሬዋለሁ። እህቴ ሳጥኗንና የኮምፒውተሩን መውጫ ሳትነግረኝ እየቀያየረች አሰማችኝ። ከ10 ጊዜ 10ሩንም ለየሁ። ከዚያ የእሷን ደህና ላፕቶፕ ከቻርጀር ነቅለን ከሳጥኗ ጋር አወዳደርን። ከ10 ጊዜ 6ቱን ብቻ አገኘሁ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰውም 5 ያህል ያገኛል፤ ስለዚህ ልዩነቱን አልሰማሁትም ማለት ነው። ይህንንም ጻፍኩት። አሮጌ ቺፕ ተአምር አይሠራም። የእኔ ትርፍ ጩኸቱ መጥፋቱና እጄ መማሩ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ስብሰባችን የአንዲት አባላችን ልጅ የሞባይልና የሬዲዮ ጥገና ለመጀመር ብድር ጠይቃ ነበር። «ዶሮ ብታረባ፣ በግ ብትደልብ ይሻላል፤ ይህ የወንድ ሥራ ነው» ተባለና ማመልከቻዋ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ካውያ የያዘ እጄ በዚያው ብዕር «ይቆይ» ብሎ ሲጽፍ አፌ አልተነፈሰም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

እናቶቼ፣ ድለባን ልናቅ አልመጣሁም፤ ብዙዎቻችንን ያቆመን እሱ ነው። ልጅቱ የጠየቀችው ገንዘብ ግን ከአንድ ሙክት ዋጋ አይበልጥም፤ ሒሳቡን ሠርቼ ይዤዋለሁ። በየቤታችን ሞተ ተብሎ የተጣለ ሬዲዮ፣ ቴፕና ስልክ ስንት ነው? ለማስጠገን ደብረ ታቦር ድረስ የትራንስፖርት የምንከፍለውስ? ያቺ ልጅም እንደ እኔ ታቃጥል ይሆናል። ብድሩ ሲሰጣት ከደብተር ጋር ይሁን፤ ያተረፈችውንም ያከሰረችውንም ትጻፍ፣ እኔም በየወሩ አብሬያት አያለሁ። ሳንለካ «አይሆንም» እንዳንል ብቻ ነው የምለምነው።

ሌላም አደራ አለኝ። በሣጥናችሁ የእናት፣ የአባት ድምፅ ያለበት ካሴት ያላችሁ አምጡልኝ። ክሩ ሳይበጠስ እንገልብጠው።

ማመልከቻው ዛሬ ከሰዓት በኋላ በድጋሚ እንዲታይ አጀንዳ አስይዣለሁ። በዚህ ጊዜ ዝም አልልም።